አባ ጥንድ ጠረጴዛውን በፖስታ ያቆሙበት ዜና

በዘመነ ሰሌዳ፣ ጥቁሩ ሰሌዳ «አይጠፋም» ተብሎ በታወጀ በሃያ ሰባተኛው ዓመት፣ ሦስተኛው የፎቶ ኮፒ ማሽን በነገሠ በመንፈቁ፣ አሳንሰሩ ሦስተኛውን ፎቅ እየዘለለ ሁለተኛና አራተኛ ላይ ብቻ ይቆም በነበረበት ወራት፣ ጥንድ ፈላጊው፣ የማይታየውን ጠባቂው፣ ቢሊዮን ቆጣሪው፣ የሦስተኛ ፎቅ አውራ፣ መምህረ መምህራን አባ ጥንድ፣ አንድ ጎማ በጎደለው ተሽከርካሪ መንበራቸው ተቀምጠው የቅንጣት ፊዚክስ ክፍሉን ይገዙ በነበረ ጊዜ የሆነው ታላቅ ነገር ይህ ነው፤ የጻፈውም የክፍሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው፣ እሱም ማንም የማያነበውን ሲጽፍ የኖረ፣ ያየውን ያላስቀረ፣ ያላየውንም ለጌጥ ያህል ካልሆነ በቀር ያልጨመረ።

አባ ጥንድ የተባሉበት ምክንያት እንዲህ ነው። ገና ተማሪ ሳሉ ሱፐርሲሜትሪ የምትባል ትምህርት ሰሙ፤ እሷም በዓለም ላይ ያለ ቅንጣት ሁሉ፣ ኤሌክትሮኑም ብርሃኑም፣ ማንም ያላየው ከባድ ጥንድ አለው የምትል ትምህርት ናት። ትምህርቲቱ ቆንጆ ነበረች፤ አጠገባቸው ተቀምጣ አብራ የሰማችው ተማሪም እንዲሁ። ሁለቱ ተነሥተው በዚያው በሦስተኛ ፎቅ ክፍል ጥቁሩን ሰሌዳ ለሁለት ከፍለው፣ በግራ እሳቸው የታወቁትን ቅንጣቶች በረድፍ ጻፉ፣ በቀኝ እሷ የእያንዳንዳቸውን ጥንድ በዚያ ክብ ክብ በሚለው የእጅ ጽሕፈቷ ጻፈች፤ ከበላዩም «አይጠፋም» ተብሎ ታወጀ፣ በዚያው ዓመትም ተጋቡ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ከጻፈቻቸው ጥንዶች አንዱም ብቅ ባላለ ጊዜ፣ እሷ ጠመኔዋን ይዛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዳ የሒሳብ አስተማሪ ሆነች፣ ሄዳም አልተጸጸተችም፤ እሳቸው ግን ከሰሌዳው ፊት ንቅንቅ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ አባ ጥንድ አራት ጊዜ ዘመቱ። በመጀመሪያው ዘመቻ ጥንዶቹ በዚህ ክብደት ላይ ይገኛሉ ብለው በታላቁ የቅንጣት ማጋጫ ማሽን አስፈተሹ፣ አልተገኙም፤ አባ ጥንድም ድንኳናቸውን ነቅለው ከፍ ወዳለው ክብደት ሄደው ሰፈሩ። በሁለተኛው ዘመቻ እዚያም አልተገኙም፤ ተነሥተው ከዚያ በላይ ሰፈሩ። በሦስተኛውም በአራተኛውም እንደዚሁ ሆነ። ምቀኞች ተሸነፉ ብለው አወሩባቸው፤ ሐሰት ነው። የተሸነፈ ሰው ይሸሻል፣ የሚሸሽም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አባ ጥንድ ግን ባልተሳካላቸው ቁጥር ወደ ላይ እንጂ ወደ ኋላ ሄደው አያውቁም። ላይ ደግሞ ቦታ አያልቅም።

በአምስተኛው ዘመቻ መንገድ ቀየሩ፤ ጥንዶቹ በፊት በር አልወጣም ካሉ በጓሮ እንያዛቸው አሉ። ቢ የሚባል ከባድ ቅንጣት አለ፤ ተወለደ ሳይባል ይፈራርሳል፣ የሚፈራርስበትም መንገድ ብዙ ነው፤ ከቢሊዮኑ ሦስት ያህሉ ብቻ ግን ሚዩኦን የሚባሉ ሁለት ቅንጣቶች ሆነው ያልፋሉ። መደበኛው ሞዴል የሚባለው፣ ሁሉ የሚሠራበትና ማንም የማይወደው አሮጌ ትምህርት፣ ይህ ነገር በአባ ጥንድ ክፍል ዳታ ውስጥ አራት ጊዜ ያህል ይገኛል ይላል። ጥንዶቹ ካሉ ግን፣ ራሳቸው ሳይታዩ በፍርስራሹ መካከል እጃቸውን አስገብተው ነገሩን ያበዙታል፤ አራቱ አሥር፣ አሥሩም ሃያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍርዱ በቆጠራ ሆነ። ብዙ ከተገኘ አባ ጥንድ ጸደቁ፤ አራት ከተገኘ ግን በሰሌዳው በቀኝ በኩል የተጻፈው ሁሉ ጠመኔ ብቻ ነው።

ይህ የቅንጣት ፊዚክስ ወገን ከሌላው ሰው የሚለይበት አንድ ሥርዓት አለው። የሚወደውን የሚቆጥር ሰው አብዝቶ እንደሚቆጥር ያውቃሉና ራሳቸውን አያምኑም፤ ስለዚህ ዋናውን ቆጠራ የያዘውን የዳታ ክፍል ሸፍነው፣ «ሳጥኑ» ብለው ሰይመው፣ አሠራራቸው ሁሉ ተፈትሾ እስኪያልቅ ዓመታትም ቢፈጅ አይከፍቱትም። አባ ጥንድ ግን ይህ አልበቃቸው ብሎ በገዛ ጥበባቸው የጨው ሕግ የሚባለውን አወጁ፦ «ጨው ጠባቂ የሚባል አንድ ሰው ይኑር፣ ሳንቲምም ይወርውር። ቁጥሩ ከወጣ በዳታው ውስጥ የሐሰት ምልክት ይነስንስ፣ ዝርዝሩንም በፖስታ አሽጎ ካዝና ያስገባ፤ ሠራተኛው ንቁ መሆኑ በዚህ ይፈተናል። ሥዕሉ ከወጣ ምንም አይነስንስ። መነስነሱንና አለመነስነሱን ከእሱ በቀር ማንም አይወቅ። ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት እሱ ራሱ ይናገር።» ጨው ጠባቂም ራሳቸው ሆኑ። ሳንቲሙን ወረወሩ፣ ቁጥሩ ወጣ፤ ዘጠኝ የሐሰት ምልክቶችን እውነተኛ አስመስለው ነሰነሱ፣ ዝርዝሩን ከነማብራሪያው ጽፈው በቢጫ ፖስታ አሽገው በደረት ኪሳቸው ያዙ፣ ካዝናው ወዳለበት መዝገብ ቤት ሊወርዱም ተነሡ።

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ዐመፀ።

ይህ ጠረጴዛ የክፍሉ መሰብሰቢያ ነው፤ እግሩ አራት ሲሆን ሦስቱ የታመኑ ናቸው፣ በመስኮት በኩል ያለው አንዱ ግን አጭር ነው። ለብዙ ወራት ከወዲህ ክርን ሲያርፍበት ወደዚያ፣ ከወዲያ ሲያርፍበት ወደዚህ ሲያጋድል ታግሠውት ነበር፤ በዚያ ዕለት ግን ምክትላቸው፣ ወይዘሮ ስንት በመቶ የምትባለዋ፣ ክርኗን ባሳረፈች ጊዜ ስድስት ኩባያ ሻይ ባንድነት ተነሥቶ በዓመቱ ሪፖርት ላይ ፈሰሰ። ይህች ሴት ስሟን ያገኘችው የስሕተቱ መጠን ካልተነገራት ማንኛውንም ቁጥር ስለማትቀበል ነው፤ ልጇ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ትኩሳት አለው ብለው ከትምህርት ቤት በደወሉላት ቀን እንኳ ቴርሞሜትሩ በስንት በመቶ ይሳሳታል ያለች ናት። አባ ጥንድም ሪፖርቱ በሻይ ተነክሮ ባዩ ጊዜ ዓይናቸው ደም ለበሰ፣ እንዲህም ብለው አወጁ፦ «ማንም ከክፍሉ ንቅንቅ እንዳይል! ይህ ጠረጴዛ ዛሬ ካልቆመ ስብሰባ የለም፤ ስብሰባ ከሌለ ሳይንስ የለም!»

ለዚህ ዘመቻ የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ወይዘሮ ስንት በመቶ ማስመሪያዋን ይዛ፤ ሁለት ስልክ ያለውና አንዱንም የማያነሣው ባለ ኮምፒውተሩ፤ ሦስት የዶክትሬት ዕጩዎች፣ ከነሱም ሁለቱ እንቅልፋቸውን ገና ያልጨረሱ፤ ለአንድ ሳምንት መጥቶ ሁለት ዓመት የቆየው እንግዳው ፕሮፌሰር፤ የቃለ ጉባኤውን ደብተር የያዘው የዚህ ዜና ጸሐፊም በኋላ ደጀን ሆኖ። በመጀመሪያ ጋዜጣ አጥፈው ከእግሩ ሥር ሰደዱ፤ ጋዜጣው ሳሳ። ቀጥሎ ላጲስ ሰደዱ፤ ላጲሱ ተጨፍልቆ ወጣ። ቀጥሎ እንግዳው ፕሮፌሰር የገዛ መጽሐፉን ሰጠ፤ መጽሐፉ ወፈረ፣ ጠረጴዛውም በሌላ በኩል አዘነበለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ለምንም እንደማይሆን በይፋ ታወቀ። ወይዘሮ ስንት በመቶም ወለሉ ላይ ተኝታ ክፍተቱን ለካችና «ሦስት ሚሊሜትር ነው፣ ሲደመር ሲቀነስ ግማሽ!» ብላ አወጀች። ያን ጊዜ አባ ጥንድ ለሱሪያቸው ሳይሳሱ ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ፣ የተገኘውን ቢጫ ፖስታ አወጡ፣ አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት፣ ከአጭሩ እግር ሥርም ወሸቁት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ስምንቱም ክርናቸውን ባንድነት ጣሉበት፤ ንቅንቅ አላለም።

የሆነው ደስታ ብዙ ነው። ሻይ በድጋሚ ታዘዘ፣ ብስኩትም ተጨመረበት፣ ያ ቀን በያመቱ እንዲታሰብ ተወሰነ፤ በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል መዝገብ ቤቱም፣ ካዝናውም፣ ፖስታው የያዘው ነገርም ከአባ ጥንድ ልብ ውልቅ ብሎ ወጣ። ለአራት ዓመታትም በየጠረጴዛው ቀን ስምንት የተማሩ ሰዎች ብስኩታቸውን ይዘው ጎንበስ እያሉ ያችን ቢጫ ፖስታ አዩ፣ አደነቁ፣ ፎቶም አነሷት፤ ምን እንደያዘች የጠየቀ ግን አልነበረም። ስንት በመቶ እንኳ አልጠየቀችም። ነገሩ የከነከናቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ዙሪያዋን ሲወለውሉ «ኧረ የዚች ወረቀት ባለቤት የለም? ልጣላት?» ብለው ለኮሪደሩ ሁሉ ያውጁ ነበር፤ የሚሰጣቸው መልስ ግን «እንዳይነኳት!» የሚል ነበር። እትዬ በሦስተኛ ፎቅ እንዳይነኩ የተከለከሉት ሁለት ነገር ነው፤ ሰሌዳው አንድ፣ ፖስታዋ ሁለት።

ዘመነ ሰሌዳ ሠላሳ አንደኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ ፍተሻው ሁሉ አለቀ፣ ሳጥኑም የሚከፈትበት ቀን ተቆረጠ። ወይዘሮ ስንት በመቶ በየኮሪደሩ ውጤቱ አራት ይሆናል፣ አባ ጥንድም እንደ ልማዳቸው ድንኳን ነቅለው ይሄዳሉ እያለች ማውራቷ ከአባ ጥንድ ጆሮ ደረሰ፤ ሆድ ባሳቸው። ከባሰ ሆዳቸውም የወጣውን አዋጅ በበራቸው ላይ በትልልቅ ፊደል ለጠፉ፦ «በዚህ ፎቅ ያላችሁ ሁሉ አንብቡ፤ መነጽር የረሳችሁም አስነብቡ። ቆጠራው አራት ከሆነ ወይም አራት አካባቢ ከሆነ ሰሌዳዬን በገዛ እጄ አጠፋለሁ። ከእንግዲህ ሰፈር አልቀይርም። ከአሥር ካለፈ ግን ምክትሌ ለአንድ ዓመት ስለ ስሕተት መጠን አፏን ትያዝ።» ለጥፈው ገቡና በሩን ዘግተው በቀኝ በኩል ያለውን ክብ ክብ ጽሕፈት ለረጅም ጊዜ አዩት። ፈሩ። ጠመኔው ላይ እጃቸውን ለማሳረፍ እንኳ አልደፈሩም።

በተቆረጠው ቀን ጠዋት በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ፣ ሰባተኛው ጥያቄም «ጨው አለ ወይስ የለም?» ይላል። አባ ጥንድ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ጥቂት አሰቡ። የሰው ልብ የሚወደውን መርጦ ያስቀምጣል፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በአንድ ጉባኤ ላይ ንግግራቸው መሐል ያዛጋውን ሰው ስም ከነአባቱ ያስታውሳሉ፤ የሳንቲሙን ነገር ግን ባሰቡ ቁጥር ሥዕሉ ወደ ላይ ሆኖ ይታያቸው ነበር፣ ዓመት በጨመረ ቁጥርም አጥርቶ ይታያቸው ጀመር። «የለም» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ክንዳቸውን ያሳረፉት ጨው በታሸገበት ፖስታ ላይ በቆመው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ባለ ኮምፒውተሩም አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ተቆጠረ። አሥራ ሦስት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ እስክሪብቶ አይበቃም። የዶክትሬት ዕጩዎቹ ተቃቀፉ፤ ባለ ኮምፒውተሩ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ስልክ አነሣ፤ እንግዳው ፕሮፌሰር ይህን እኮ በመጽሐፌ ምዕራፍ ስድስት ብዬ ነበር እያለ ሰው ፈለገ፤ አባ ጥንድም አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ፣ የሃያ ዓመት ወጣት መሰሉ፣ ለባለቤታቸውም ጽሕፈትሽ እውነት ሆነ ብለው መልእክት ላኩ። ወይዘሮ ስንት በመቶ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሁሉም በሩ ላይ ወደተለጠፈው አዋጅ ጠቆሟት፤ አፏን መልሳ ገጠመች። ወሬው ዋና ዳይሬክተሩ ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፣ እሱም ሳያጣራ እንዲህ ሲል በየፎቁ አስለጠፈ፦ «ደስ ይበላችሁ! ተቋማችን የዓለምን ጥንድ አግኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ እንድትገኙ፤ ጋዜጠኞችም አሉ፣ ሸሚዝ ይተኮስ። ታሪክ የተሠራበት ጠረጴዛም ለፎቶ ወደ አዳራሽ ይውረድ።»

ጠረጴዛውም ተነሣ። አሳንሰሩ ሦስተኛውን ፎቅ ስለማያውቅ በደረጃ ይወርድ ዘንድ አራት ሰው ተሸከመው፤ አጭሩ እግር የደረሰው ለዚህ ዜና ጸሐፊ ነው። ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ ላይ አራት ዓመት የተረገጠች ቢጫ ወረቀት ወለሉ ላይ ተጣብቃ ቀረች። እትዬም መወልወያቸውን ደገፍ አድርገው ጎንበስ አሉ፣ በጥፍራቸው ላጧት፣ ለአባ ጥንድም ዘርግተው እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ዙሪያዋን ስወለውል ኖርኩ። ወይ ይውሰዷት ወይ ልጣላት። ዛሬ ቁርጡን ይንገሩኝ።» አባ ጥንድ ሣቁ፣ ተቀበሉ፣ ለመታሰቢያ ትሆናለች ብለው ገለጥ አደረጓት። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ነው፤ «የጨው ዝርዝር። ዘጠኝ» ይላል፣ ከሥሩም ዘጠኝ ቁጥሮች፣ ከሥሩም ፊርማቸው።

ፖስታዋን እንደ ያዙ ወጥተው በሦስተኛና በሁለተኛ ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። መቀነስ ለሳቸው ከባድ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ያን ቅናሽ በጣታቸው ሠሩት። ከአሥራ ሦስት ዘጠኝ ሲነሣ አራት ነው፤ አምስት እንኳ አይደለም፣ ሦስት እንኳ አይደለም፣ ያ የተጠላ አሮጌ ትምህርት ያለውን ያህል ልክ አራት ነው። ቀጥሎም ሌላ ነገር አሰቡ፣ የዚህ ዜና ጸሐፊም አጭሩን እግር ተሸክሞ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ሲያስቡት አየ። መነስነሱን ከአንድ ሰው በቀር ማንም አያውቅም፤ ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው፣ ሕጉን ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ዝም ካሉ ሠላሳ ዓመታቸው ውሃ አይበላውም፣ ሰሌዳው ይኖራል፣ በቀኝ በኩል የጻፈችውም እውነት ሆኖ ይቀራል፣ ማታ ቤት ሲገቡም ቀና ብለው ይገባሉ። ከተናገሩ በገዛ አዋጃቸው በገዛ እጃቸው ያጠፉታል። እትዬ ከላይ ወደ ታች ደረጃውን እየወለወሉ ደርሰው ባልዲያቸውን ከአባ ጥንድ እግር ሥር አስቀመጡ፤ ውሃው ጥቁር ነው፣ ፖስታዋን ቢነክሯት ቀለሟ ባንድ ደቂቃ ይለቃል። የአባ ጥንድ እጅ ከነፖስታው ወደ ባልዲው ሄደ።

እትዬም አዩና እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ጋሼ! ባልዲ ውስጥ ወረቀት አይጣልም፤ መወልወያዬ ላይ ይጣበቅብኛል። እግርዎንም ያንሡልኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

አባ ጥንድ እግራቸውን አነሡ፤ እግራቸውን ሲያነሡም እጃቸው ተመለሰ። ያን ጊዜ የመለሳቸው ሕሊናቸው ይሁን የባልዲው ሕግ ጸሐፊው አያውቅም፤ በታሪክ ፊት ሁለቱም ተጽፈው ይቀመጡ።

በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ባለቤታቸው ከክፍለ ጊዜዋ ቀጥታ መጥታ፣ እጅጌዋን ጠመኔ እንደ ነካው፣ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። አባ ጥንድ ወጥተው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፤ ጠረጴዛውም ያለ ፖስታው አጋደለ፣ የጋዜጠኞቹ ማይክሮፎኖች እየተንሸራተቱ ወደ አንድ ወገን ሄዱ። ማይክሮፎኖቹ እስኪሰበሰቡ ጠበቁ፣ ከዚያም በሕይወታቸው አጭር የሆነውን አዋጅ አወጁ፦ «ስሙኝ። ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙ የኔ ናቸው። የዛሬ አራት ዓመት እኔው ነሰነስኳቸው፣ እኔው ረሳኋቸው፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሉም ብዬ ፈረምኩ። የቀረው አራት ነው። ጥንዶቹ አልተገኙም። ያጨበጨባችሁም ጭብጨባችሁን ውሰዱ።» ጋዜጠኞቹ ማይክሮፎናቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። ዋና ዳይሬክተሩ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ጋዜጠኞቹ በሩ ላይ ሳይደርሱ ሁለተኛ አዋጅ አስወጣ፦ «ግኝቱ ባጋጠመ የቴክኒክ ችግር ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ መራዘሙን እየገለጽን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ከዚያም አባ ጥንድ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፣ ሁሉም ተከተሏቸው። እንግዳው ፕሮፌሰር የሚቀጥለው ሰፈር የት እንደሚሆን ለማስላት ደረጃው ላይ ወረቀት አውጥቶ ነበር፤ ወይዘሮ ስንት በመቶ ነጥቃ ኪሷ ከተተችው። አሥር ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው፣ ነገር ግን ደስ አላላትም፣ ደስ ስላላላትም ተናደደች። አባ ጥንድ ዳስተሩን አንሥተው በግራ በኩል የጻፉትን የገዛ ረድፋቸውን ጠረጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየ ጠመኔ በደረቅ ዳስተር አይለቅምና እትዬ እርጥብ ጨርቅ አቀብለው «ይቺን ቀን ሳልማት ነው የኖርኩት!» ብለው ለሁሉም እንዲሰማ አወጁ። ግራው ጠራ። ቀኙ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው አልታዘዝ አለ። ክቦቹን አዩ፤ ጨርቁ እየተንጠባጠበ ጫማቸውን አረጠበው፤ እንባም መጣባቸው፣ አልደበቁትም።

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ከተከታዮቹ መካከል ወጥታ ጨርቁን ከእጃቸው ተቀበለች፣ በዚያ አርባ ልጅ ጸጥ በሚያሰኝ የአስተማሪ ድምጿም አወጀች፦ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማጠፋውም እኔ። ማመን ከተውኩ ሃያ አራት ዓመት ሆኖኛል። አንተ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጽሕፈቴን ስታይ እኔን አላየኸኝም።» ይህን ብላ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ጠረገችው።

ሰሌዳው ጠቆረ። አባ ጥንድ የሚያዩበት ቦታ ባጡ ጊዜ ወደሷ ዞሩ፣ አዩአትም። መነጽር አድርጋለች። ፍሬሙ ቡናማ ነው፣ አንዱ ማጠፊያው ላልቶ በክር ታስሯል። መቼ እንደ ጀመረች አላወቁም። ጠጋ ብለው በጆሮዋ ጠየቋት፤ ስድስት ዓመት መሆኑን በጆሯቸው ነገረቻቸው፣ እሳቸውም የስሕተቱን መጠን አልጠየቁም። በማግስቱ ጠረጴዛው ወደ ቦታው ሲመለስ ማንም ከእግሩ ሥር ወረቀት ለማስገባት አልደፈረም፤ እትዬ ግን ሥራ የፈታውን ዳስተር ወስደው፣ ከእንጨቱ ነቅለው፣ ጨርቁን አጥፈው ወሸቁበት፣ ልክም ሆነ።

እነሆ፣ በዘመነ ሰሌዳ ፍጻሜ፣ ሰሌዳው በጠቆረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጸሐፊው ደብተሩን ሲዘጋ ውዳሴውን እንዲህ ይጽፋል፦ ሰባት ጠቢባን ያቃታቸውን ጠረጴዛ ባንድ ፖስታ አራት ዓመት ያቆመ፤ ሌሎችን ሊፈትን ሕግ አውጥቶ በሕጉ የተፈተነው እሱ ብቻ የሆነ፤ ዘጠኝ ነስንሶ ዘጠኙን ያጨደ፤ አራት ጊዜ ድንኳን ነቅሎ በአምስተኛው ባለበት የቆመ፤ በጥቁር ውሃ ላይ እጁን ዘርግቶ በእትዬ አዋጅ የዳነ፤ ከቢሊዮኖች መካከል በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ የሆነውን ሲፈልግ ኖሮ፣ የባለቤቱን መነጽር በስድስተኛው ዓመት ያገኘ፣ መምህረ መምህራን አባ ጥንድ፣ ስሙ ይክበር፤ ያንን ማጠፊያም ያሠራላት።